ቆቃ፤ በውሃ ዳር የተጠማ ልጅ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ ሞጆ ሲደርስ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። አንደኛው ፊት ለፊት ወደ አዳማ ይቀጥላል፤ ሁለተኛው ወደ ቀኝ ታጥፎ በመቂና በሻሸመኔ በኩል ወደ ሐዋሳ ይገሠግሣል። ሁለተኛውን የያዘ ሰው ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ አየሩ እየሞቀ፣ ግራሩ እየበዛ፣ የአፈሩም መልክ እየገረጣ ይመጣና ከፊቱ የውሃ ብልጭታ ይታየዋል። ቆቃ ማለት ይህ ነው። አዲሱ የፍጥነት መንገድ ከተሠራ ወዲህ ብዙው መኪና ከተማይቱን ወደ ጎን ትቶ ይከንፋል፤ በአሮጌው መንገድ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው ግን ቆቃ ቆም ብለው ሊያዩአት የምትገባ አገር ናት። በመስኖ የለማ ሽንኩርትና ቲማቲም በመንገዱ ዳር ተከምሮ ይሸጣል፤ ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶና አምባዛም ተጠብሶ ለመንገደኛ ይቀርባል። ጉማሬም አለና በጨለማ ወደ ዳርቻው መውረድ ለማንም አይመከርም።

ስለ ቆቃ የሚጽፍ ሰው ከውሃው ሳይጀምር ሊያልፍ አይችልም። ይህ ሐይቅ ከጥንት የነበረ አይደለም፤ አዋሽ ተገድቦ የተጠራቀመ ነው። በየካቲት ወር 1939 ዓ.ም. በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር የጦር ካሳ እንድትከፍል ተወስኖ ነበር፤ የቆቃም ግድብ የተሠራው ከዚሁ ካሳ በተገኘ ገንዘብ ነው። ሥራው ተፈጽሞ የተመረቀው በ1952 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሦስቱ ተርባይኖች በአንድነት 43.2 ሜጋዋት ኤሌክትሪክ እንዲሰጡ ሆነው ተተከሉ። ከዛሬዎቹ ታላላቅ ግድቦች አጠገብ ሲያዩት ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ በዚያን ጊዜ ግን ለአዲስ አበባና ለአካባቢው ትልቅ ነገር ነበር። ሐይቁ ገሊላ ተብሎ ቢሰየምም ስሙ በካርታ ላይ ቀረና በሰው አፍ ቆቃ እንደ ሆነ ኖረ። ዛሬ ጣናን የሚያስጨንቀው እምቦጭም በአገራችን መጀመሪያ መታየቱ የተመዘገበው በፈረንጆች 1965 በዚሁ በቆቃና በአዋሽ ላይ መሆኑን ጥቂት ሰው ብቻ ያስታውሳል።

ከግድቡ ወደ ታች፣ ከአዳማ በስተደቡብ፣ ያው የአዋሽ ውሃ በቦይ እየተመራ የወንጂን ሸንኮራ አገዳ ያጠጣል። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የሸዋ ፋብሪካ ከጎኑ ቆመ። አሮጌዎቹ ፋብሪካዎች ዛሬ ሥራቸውን አቁመው በአዲስ ተተክተዋል። የኢትዮጵያ ቤት ሁሉ ሻዩን ያጣፈጠበት ስኳር ለብዙ ጊዜ የወንጂ ስኳር ነበርና፣ ይህን አገር የስኳር አገር ብንለው ማንም አይቀየመንም።

ግድቡ ያመጣው ግን ብርሃንና ስኳር ብቻ አይደለም። በሐይቁ ዳር ባሉት መንደሮች ወባ ከሐይቁ ራቅ ካሉት ይልቅ እንደሚበዛ የአገራችን ተመራማሪዎች በቆቃ ላይ ባደረጉት ጥናት አሳይተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሐይቁ ውሃ ሲሸሽ በዳርቻው ላይ ትናንሽ ኩሬዎች ይቀራሉ፤ በእነርሱም ውስጥ የወባ ትንኝ ይራባል። ስለዚህ የቆቃ እናት ልጅዋ ሲያተኩሰው፣ ሲያስመልሰው፣ ወይም እንዲሁ ሲዝለፈለፍ በመጀመሪያ የምታስበው ወባን ነው። ብታስብም አይፈረድባትም፤ ብዙውን ጊዜ እውነቷን ነው።

ውሃ፣ ስኳር፣ ወባ። አንባቢያችን እነዚህን ሦስቱን በልቡ ይያዝልን። ወደ ቆቃ የመጣነው ከሦስቱ ኋላ ተደብቆ ስለሚኖር አንድ የሕፃናት በሽታ ለመጻፍ ነውና።

እንበል፣ በዳርቻው ካሉት ቤቶች በአንዱ የሰባት ዓመት ልጅ አለ። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ውሃ አይበቃውም። ከጨዋታ ሮጦ እየመጣ ጣሳውን እንስራ ውስጥ ይነክራል፤ ጠጥቶ ሳይጨርስ ደግሞ ወደ ውጭ ይሮጣል። እናቱ ለጎረቤቷ ስታማክር፣ «ተይው እትዬ፣ ሙቀቱ ነው፤ የእኛዎቹስ መቼ ከእንስራው ሥር ጠፍተው ያውቃሉ?» ትላታለች። ነገሩ እውነት ይመስላል። በደጋ ቢሆን ሰው ይገረም ነበር፤ በቆቃ ሙቀት ግን የተጠማ ልጅ ምን ያስገርማል? ከዚያ በኋላ ሌሊት መኝታውን ማራስ ከተወ ሦስት ዓመት የሆነው ይህ ልጅ እንደ ገና ያርሳል። አባቱ ስንፍና መስሎት ይቆጣዋል። እንጀራውን ከወትሮው አብልጦ ይበላል፤ ሰውነቱ ግን ይከሳል። «ወስፋት ነው» ይባላል፤ ዓይኑ ሲጎደጉድ ደግሞ «ቡዳ በልቶት ይሆናል» የሚል አይጠፋም።

አንድ ቀን ጠዋት ልጁ ያስመልሰዋል፤ ሆዱን ይዞ ያለቅሳል፤ ትንፋሹ ጥልቅና ፈጣን ይሆናል፤ ከአፉም የበሰበሰ ፍሬ የሚመስል ጣፋጭ ሽታ ይወጣል። ከዚያ ይፈዛል። በዚህ ጊዜ ወባ ነው ተብሎ ይወሰዳል። ጣቱ ተወግቶ ደሙ ይታያል። ወባ ከሌለበት ታይፎይድ፣ ወይም የሆድ በሽታ፣ አለዚያም ማጅራት ገትር ይባላል። ወባ ከተገኘበት ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ሁሉም የነገሩን መጨረሻ ያገኘ ይመስለዋልና። ሁለት በሽታ አንድን ልጅ በአንድ ጊዜ አይይዙም ያለ ማን ነው? እንዲያውም «ልጁ ደክሟል፤ ግሉኮስ ይሰቀልለት» ተብሎ ያ ጣፋጭ ውሃ በደም ሥሩ የገባ እንደ ሆነ፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆናል። ከመጀመሪያው ጥማት እስከ ሞት ያለው ጊዜ የሚቆጠረው በሳምንታት ነው። በአዲስ አበባ ሆስፒታሎችም ቢሆን ብዙ ልጆች በሽታቸው የሚታወቀው እንዲህ ራሳቸውን ሊስቱ ሲቃረቡ እንደ ሆነ ሐኪሞች ጽፈዋል። ሳይታወቅላቸው የሞቱት በማንም መዝገብ ላይ አልተጻፉም።

ይህ በሽታ በአማርኛችን የስኳር በሽታ ይባላል። የሕንድ የጥንት ሐኪሞች የበሽተኛውን ሽንት መጣፈጥ አይተው «የማር ሽንት» ብለውት ነበር፤ ላቲኑም ስም ማርን ይጠራል። ስሙ ምልክቱን በትክክል ይናገራል፤ መንሥኤውን ግን ያሳስታል። ብዙ ችግር የሚመጣውም ከዚሁ ነው። በሰው ሆድ ውስጥ ከጨጓራ ኋላ ቆሽት የሚባል ክፍል አለ። ኢንሱሊን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጨው እርሱ ነው፤ ኢንሱሊን ከሌለ የተበላው ምግብ ወደ ስኳር ተለውጦ በደም ውስጥ ይዋኛል እንጂ ወደ ሥጋ አይገባም። በልጆች ላይ በሚበዛው ዓይነት፣ ሐኪሞች አንደኛው ዓይነት በሚሉት፣ የገዛ ሰውነታችን ዘበኛ ጠላት ያገኘ መስሎት የቆሽትን ኢንሱሊን ሠሪዎች ያጠፋቸዋል። ልጁ በደሙ ውስጥ ምግብ ሞልቶ ሳለ ይራባል። ኩላሊቱ የተረፈውን ስኳር ለማውጣት ውሃውን አብሮ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ልጁ ይሸናል፤ ስለሚሸናም ይጠማል። ሰውነቱ ሌላ የሚያነድደው ሲያጣ የራሱን ስብ ያነድዳል፤ የዚያ ቃጠሎ ጢስ እንበለው፣ ደሙን ያመርዘዋል። በትንፋሹ የሚሸተውም ይኸው ነው።

እንግዲህ ከረሜላ የዚህ በሽታ ምክንያት አይደለም። ሸንኮራ የመጠጠ ልጅ ሁሉ ቢታመም ኖሮ በወንጂ አንድ ጤነኛ ባልተገኘ ነበር! በየቤቱ ግን «አንቺ ነሽ ጣፋጭ ያስለመድሽው» የሚል ባል፣ «የሀብታም በሽታ ደሃ ቤት ምን ሊያደርግ መጣ?» የሚል ጎረቤት አለ። በጎልማሶች ላይ የሚታየውና ከውፍረት ጋር የሚያያዘው ሌላ ዓይነት ነው። ልጁን የያዘው የእናቱ እጅ ያመጣው አይደለም። ይህን ቃል ሐኪሙ ከማናቸውም መድኃኒት አስቀድሞ ለቤተ ሰቡ ቢነግር በእኛ አስተያየት ግማሹን ሥራ ሠራ፤ ራሷን ስትወቅስ የምታድር እናት መርፌ መያዝን በደንብ አትማርምና።

መርፌው ራሱ የመቶ ዓመት ታሪክ አለው። በጥር ወር 1914 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1922) በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በዚህ በሽታ ከስቶ ሊሞት ተቃርቦ ሳለ፣ ባንቲንግና ቤስት የተባሉት ተመራማሪዎች ከከብት ቆሽት ያወጡት ኢንሱሊን ተወጋ። የመጀመሪያው መርፌ ንጹሕ ስላልነበረ እምብዛም አልረዳውም፤ ኮሊፕ የተባለው ባልደረባቸው መድኃኒቱን አጣርቶ ከ12 ቀን በኋላ ሲሰጠው ግን ልጁ ተነሣ፤ 13 ዓመትም ኖረ። ከዚያ በፊት ለእንዲህ ያለ ልጅ የነበረው ሕክምና ዕድሜውን ጥቂት ለማራዘም ማስራብ ብቻ ነበር። እነዚያ ሰዎች የፈጠራ መብታቸውን ለዩኒቨርሲቲው በአንድ አንድ ዶላር ሸጡት። መድኃኒቱ በቶሎ ለሁሉ ይድረስ ብለው ነው። ለሁሉ ደረሰ ወይ ለሚለው ጥያቄ፣ በሰምጥ ሸለቆ መንገድ ላይ ያለ ሰው መልሱን በኪሎ ሜትር ይቆጥረዋል።

ግድቡን በካሳዋ ያሠራችው ኢጣሊያ ሌላም ልንወስድላት የሚገባ ነገር አላት። ፓርማ በተባለችው ከተማ ሐኪሞች በፈረንጆች ከ1991 ጀምሮ በየትምህርት ቤቱና በየሕፃናት ሐኪሙ ክፍል አንድ ሥዕል ለጠፉ። ሥዕሉ የሚናገረው ጥቂት ነገር ነበር፤ ልጅህ ብዙ ይጠጣልን? ብዙ ይሸናልን? መኝታውን ማራስ እንደ ገና ጀምሯልን? እንግዲያው ወደ ሐኪም ውሰደው። ከሥዕሉ በፊት አዲስ ከሚታወቁት ልጆች ከመቶው 78 ያህሉ ደማቸው ተመርዞ ነበር የሚመጡት፤ በስምንት ዓመት ውስጥ ይህ ቁጥር ወደ 12 ተኩል ወረደ። አዲስ መሣሪያ አልገዙም፤ ለመምህራንና ለእናቶች የሚታይ ወረቀት ለጠፉ እንጂ። እንዲህ ያለ ሥዕል በአማርኛና በኦሮምኛ ተጽፎ በቆቃ ትምህርት ቤት ግድግዳ፣ በሞጆ አውቶቡስ መናኸሪያ ቢለጠፍ ምን ይከለክላል?

ሌላው ነገር ከዚህም ይቀላል። በዚህ አካባቢ ለወባ ምርመራ ጣቱ ያልተወጋ ልጅ ጥቂት ነው። ሐኪሙ ጣቱን አንድ ጊዜ ከወጋው በኋላ የሚወጣው ደም ለአንድ ምርመራ ብቻ የሚበቃ አይደለም። ያው ጣት ሁለተኛ ጠብታ ቢጨመቅ፣ በደም ስኳር መለኪያም ላይ ቢያርፍ፣ መልሱ ደቂቃ ሳይሞላ ይመጣል። መለኪያው ከሌለም ሽንት ውስጥ የሚነከረው ወረቀት ቀለሙን ለውጦ ይናገራል። ለሚያስመልሰው፣ ለፈዘዘው፣ ትንፋሹ ለፈጠነው ልጅ ሁሉ ይህች ሁለተኛ ጠብታ እንድትወሰድ ደንብ ቢሆን፣ ስንት ልጅ ከወባ ስም በታች ከመቀበር ይድን ነበር!

ልጁ ከታወቀለትና ከዳነ በኋላ ደግሞ ሌላ ሕይወት ይጀመራል፤ ሕክምናውም ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ቤት ይገባል። ሐኪሙ ልጁን በየወሩ ለጥቂት ደቂቃ ያየዋል፤ የቀረውን ወር ሐኪሙ እናቱ ናት። መርፌው ቢያንስ በቀን ሁለት ጊዜ ነው እንበል፤ በዓመት 730 ጊዜ ማለት ነው። ፊደል ያልቆጠረች ሴት የመርፌውን መስመር ቆጥራ፣ ደመናማውን ብልቃጥ ከጥሩው ለይታ፣ የሚያለቅሰውን ልጅ አባብላ ትወጋለች። ከሁሉ የሚከብደው ግን አንድ ትእዛዝ ነው፤ ልጁ ታሞ ምግብ እምቢ ባለበት ቀን እንኳ መርፌው ከነጭራሹ አይቋረጥም። መጠኑ ሐኪም ተጠይቆ ሊለወጥ ይችላል እንጂ መተው ሞት ነው። «ባዶ ሆዱን እንዴት እወጋዋለሁ?» የምትል እናት ጥያቄዋ የርኅራኄ ነው፤ ስለዚህ በተግሣጽ ሳይሆን በማስረዳት ሊመለስላት ይገባል።

መድኃኒቱ ደግሞ ሙቀት አይወድም። ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ ከረጋ ወይም ከበረዶ ጋር ተነካክቶ ከቀዘቀዘ ደግሞ ተበላሸ። በግድቡ ጥላ ሥር እየኖረ ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ብዙ ነው። እዚህ ላይ የአያቶቻችን ብልኃት ይደርሳል። እንስራ ውስጥ ያደረ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ የማያውቅ የለም፤ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ትንሿን ማሰሮ በትልቋ ውስጥ አስቀምጦ፣ በመካከላቸው አሸዋ ሞልቶ፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ማርጠብ፣ ብልቃጡንም ውሃ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልሎ በትንሿ ውስጥ ማኖር ነው። አየሩ በደረቀ መጠን ማሰሮው ይበልጥ ስለሚያቀዘቅዝ የሰምጥ ሸለቆ በጋ ለዚህ የተመቸ ነው። ሳይንሱም አጽናንቶናል። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በሰሜን ኬንያ በሚገኘው የዳጋሐሌ የስደተኞች ሠፈር የለኩትን ሙቀት መነሻ አድርገው በፈረንጆች 2021 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚወጣና በሚወርድ ሙቀት አራት ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን እንዳላጣ አሳይተዋል። ማቀዝቀዣ የለሽምና ልጅሽን ወደ ቤት አትወስጂውም መባል አይገባትም ማለት ነው።

አሁን ወደ ስኳሩ እንመለስ። መርፌው በዝቶ ወይም ምግቡ ዘግይቶ፣ አለዚያም ልጁ ኳስ ሲያሳድድ ውሎ ስኳሩ ከመጠን በታች የወረደ እንደ ሆነ፣ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያለ ምክንያት ይቆጣል ወይም እንቅልፍ የያዘው ይመስላል። በዚያች ሰዓት መድኃኒቱ ስኳር ነው! ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር በጥቂት ውሃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ቀጥሎም ምግብ መስጠት። ራሱን የሳተ ልጅ ግን እንዳይታነቅ በአፉ ምንም ሳይፈስበት ወደ ሐኪም ይሮጣል። ስለዚህ የስኳር በሽተኛ ልጅ ከቤቱ ሲወጣ በኪሱ ስኳር ሊኖረው ይገባል። ይህን ያልተረዳ መምህር ከልጁ ኪስ ስኳር አግኝቶ ቢነጥቀው፣ ወይም በክፍል ውስጥ የፈዘዘውን ተማሪ ሰነፍ ብሎ ጥግ ቢያቆመው ጉዳቱ ምን ሊሆን እንደሚችል መናገር አያሻም። ለመምህሩ መንገር የቤተ ሰቡ ፈንታ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ወላጅ በሽታውን ይደብቃል፤ ይልቁንም ሴት ልጅ ስትሆን፣ ነገ ማን ያገባታል ብሎ። እንደዚህ ያለው ምሥጢር ልጅቱን ብቻዋን ያስቀራታል። በትምህርት ቤት አንድ ሰው ስንኳ፣ ጓደኛም ቢሆን፣ ምልክቱን ማወቅ አለበት።

የጾምና የጸበል ነገር ሳይነሣ ይህ ጽሑፍ አይሞላም። በክርስትናም በእስልምናም ሕመምተኛ ከጾም ነፃ ነው፤ ከመርፌ በኋላ ምግብ የግድ ለሆነበት ልጅ በሰዓቱ መብላት የሕክምናው ክፍል ነው። ጸበልን በተመለከተ፣ መሄዱ ክፉ አይደለም፤ ክፉው ብልቃጡን ቤት ትቶ መሄድ ነው። ያለ ኢንሱሊን ጥቂት ቀን የሰነበተ ልጅ ወደዚያው ወደ ጥልቁ ትንፋሽ ይመለሳል። ብልቃጡም ጸበል ይሄዳል፤ ጠዋት ጸበል፣ ጠዋት መርፌ።

ከቆቃ ለከፋ ሕመም የሚኬደው ወደ ሞጆ፣ ከዚያም ወደ አዳማ ነው። በአዳማ ያለው ትልቁ ሆስፒታል፣ ቀድሞ የኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ይባል የነበረው፣ ዛሬ የሕክምና ኮሌጅም ሆኗል። መንገዱ ለባለ መኪና ቅርብ ነው። በየወሩ መድኃኒት ለመቀበል ለምትመላለስ ድሀ እናት ግን የአውቶቡስ ዋጋ፣ የቀረ የቀን ሥራ፣ ለጎረቤት የተተዉ ልጆችም አሉባት። የደም ስኳር መለኪያው ወረቀት ከመድኃኒቱ ይልቅ ኪስ የሚያራቁትበት ቤት አለ፤ ስለዚህ ሳይለካ በግምት የሚወጋ ልጅ አይጠፋም። በፈረንጆች 1984 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ስኳር ሕመም ማኅበር ለብዙ ጊዜ የሕሙማን ድምፅ ሆኖ ቆይቷል፤ ላይፍ ፎር ኤ ቻይልድ የተባለው የውጭ በጎ አድራጊ ድርጅትም ለአገራችን ልጆች ኢንሱሊንና መለኪያ በመርዳት ይታወቃል።

መንገዱን ማሳጠር እንደሚቻል ግን በአገራችን ታይቷል። በጎንደርና በጅማ ሐኪሞቻችን፣ ከእንግሊዝ አገር ከሳውዝሃምፕተን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ ሕመምተኛው ወደ ሆስፒታል ከሚመላለስ ይልቅ ክትትሉ ወደ ገጠሩ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ አደረጉ፤ ነርሶችም ሠልጥነው መድኃኒቱን እዚያው መስጠት ጀመሩ። ቀኑን ሙሉ በእግር ይጓዝ የነበረ ገበሬ በአቅራቢያው መርፌውን አገኘ። በጎንደር ሐኪም ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቿ ያስተዋሉት ሌላም ነገር አለ፤ ከገጠር የሚመጡት ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ወጣቶች አብዛኞቹ ድሆችና ከሲታዎች ነበሩ። በልጅነት የተራበ ሰውነት ቆሽቱ ሳይጠነክር ይቀር ይሆን የሚለውን ጥያቄ በፈረንጆች 2009 አንሥተው ጻፉ። በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ይህን ዓይነት «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ በስም አወቀው። «የሀብታም በሽታ» ለሚለው ጎረቤት መልሱ ከጎንደር ገጠር መጣ ማለት ነው።

በሆስፒታል የክትትል ቀን አግዳሚው ወንበር ላይ የሚሆነውን ማየት ከማንም ትምህርት ይበልጣል ብንል አልተጋነነም። አዲስ የታወቀለት ልጅ እናት ብልቃጡን በሁለት እጅዋ ይዛ ስትጨነቅ፣ ሦስት ዓመት የቆየችው ሌላዪቱ ጠጋ ብላ መርፌው የሚወጋበትን ቦታ በየቀኑ እንዴት እንደምትለዋውጥ በልጅዋ ክንድ ላይ ታሳያታለች። አንደኛዋ ኦሮምኛ፣ ሌላዪቱ አማርኛ ትናገር ይሆናል፤ ጣት ቆጥሮ ለማሳየት ቋንቋ አያግድም። ሆስፒታሎች እነዚህን እናቶች በአንድ ቀን ቢቀጥሩአቸው፣ አንድ ክፍልና አንድ ማንቆርቆሪያ ሻይ ቢሰጡአቸው፣ ሌላ ብዙ ወጪ አያስፈልግም።

ከቆቃ የተነሣነው ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ስትል ነበር። የአዋሽን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ደቡብ ለሚሄድ የሚቀጥለው ከተማ ዓለም ጤና ይባላል፤ ከዚያ መቂ፣ ከዚያም በቀድሞ ስሙ ዝዋይ የሚባለው ባቱ ይከተላሉ። መስኖው፣ ሙቀቱና ወባው እስከዚያ ድረስ አብረው ይወርዳሉ። ዓለም ጤና ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ልጆች ሐብሐብ ተሸክመው ወደ መስኮቱ ተሯሯጡ፤ ሁሉም ላብ በላብ ሆነው ነበር፤ አንደኛው ውሃ ለመነን፤ ጠጥቶም ኮዳችንን ባዶውን መለሰልን።